ነገረ ፈጅና ጠበቃ

ከሁሉ አስቀድመን «እኛ» የምንለው ማንን እንደ ሆነ እንግለጥ። እኛ ማለት ከዋግ ኽምራ፣ ከጋዝጊብላ ወረዳ ተነሥተን ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ሦስት ልጆች ነን። ሁለታችን ሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን ታሪክ እናጠናለን። ብዕሩን የያዘው አንዱ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው «ይህን ፋቅ፣ ያንን ጨምር» እያሉ ስለሚያዋክቡት ጥፋቱም ምስጋናውም የሦስታችን ነው። ሕግ አንማርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያገኘ የሕግ ተማሪ ካለ ወደ መኝታ ክፍላችን መጥቶ ይክሰሰን፤ እኛም ቡና አፍልተን እንጠብቀዋለን።

የነገሩ መነሻ ፊልም ነው። የፈተናው ሰሞን ባለቀበት ምሽት በአንድ ላፕቶፕ ፊት፣ በአንድ አልጋ ላይ አራት ሆነን ተጣበን «ድፍረት» የተባለውን ፊልም አየን። አራተኛው ላፕቶፑን ያመጣው የጎንደር ልጅ ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካን አገር በሳንዳንስ የፊልም በዓል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ከእውነተኛ ነገር የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰዎች በፈረስ ደርሰው ጠለፏት፤ ጠላፊዋም ቤት ዘግቶ ደፈራት። ልጅቱ ጠመንጃ አንሥታ አመለጠች፤ ሲከተላት በጠላፊዋ ላይ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። እንዲህ ያለውን ነገር የተቀበሉት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ነበሩ።

ፊልሙ ሲያልቅ የጎንደሩ ልጅ «እንዴት ያለች ጠበቃ ናት!» ብሎ ጭኑን መታ። እኛ ሦስታችን ግን ጣራ ጣራውን እናይ ነበር። እርስ በርሳችን አልተያየንም። ሦስታችንም የምናስበው ስለ አንድ መስኮት እንደ ነበረ ያወቅነው በማግሥቱ ቁርስ ላይ ነው። ወደ መስኮቱ እንደርሳለን፤ ነገርን ከሥሩ ማለት ስላለብን ግን ከእረኝነታችን እንጀምር።

በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ ከገናም ከገበጣም አብልጠን የምንወደው ጨዋታ ችሎት ነበር። አንዱ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ዳኛ ይሆናል። አንዱ «ፍየልህ ገብሳችንን በላች» ብሎ ይከሳል፤ ሌላው ይክዳል። በትር መሬት እየወጋ፣ ነጠላውን ወደ ትከሻው እየመለሰ አሳምሮ የተናገረ ይረታል። ፍየሏ ገብሱን በልታ ይሁን አትብላ የሚጠይቅ አልነበረም። ይህንን ያስተማሩን አያቶቻችን ናቸው። እነርሱም ከአባቶቻቸው የሰሙትን የ«በላ ልበልሃ»ን ሙግት ሲያወሩልን፣ ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረዱ እንዴት እንደሚነጣጠቁ፣ አንዱ በምሳሌ ሲወጋ ሌላው በቅኔ እንዴት እንደሚመልስ ሲነግሩን ምራቃችንን መዋጥ እንረሳ ነበር። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ብለው ማስቆም ይችሉ ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለም ሰው እጁን ይሰበስባል።

ይሁን እንጂ እነዚያው አያቶች ሰውን ለመስደብ ሲፈልጉ «ነገረ ፈጅ» ይላሉ። ቃሉን በሥነ ጽሑፍ ተማሪ ዓይን ስንመረምረው ያስቃል፤ ነገር የሚፈጅ፣ ነገር የሚጨርስ ማለት ነው፤ ግን ሰሚው የሚረዳው ነገሩን ብቻ ሳይሆን የባለጉዳዩን በሬና ላም ጭምር የሚፈጅ አድርጎ ነው። «ጠበቃ» የሚለው ሌላ ነው። ጠበቀ ከሚለው ይወጣል፤ አጥር እንደሚጠብቅ፣ መንጋ እንደሚጠብቅ። ሁለቱ ቃሎች በአንድ ሙያ ላይ ተቀምጠው ሲጣሉ ኖረዋል። በእረኝነት ችሎታችን ውስጥ እኛ ሁላችንም ነገረ ፈጆች ነበርን። ልጃገረዶቹም እንጨት ለቅመው ሲያልፉ ቆመው ይመለከቱ ነበር እንጂ ተነሥተው አልተሟገቱም። እኛም ኑ አላልናቸውም።

እንግዲህ ወደ ወይዘሮ መዓዛ እንመለስ። ከፊልሙ በኋላ ስለ እሳቸው ያላገላበጥነው ጽሑፍ የለም፤ የፈተናችን ውጤት እንደዚያ ባነበብን ኖሮ ይህን መጽሔት ሳይሆን የማዕረግ ሰሌዳውን ታዩን ነበር። በመጀመሪያ ደስ ያለን የተወለዱበት ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አይደሉም፤ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1964 በምዕራቡ ዳርቻ፣ በአሶሳ ነው። አሶሳና ሰቆጣ የማይተዋወቁ ዘመዶች ናቸው፤ ሁለቱም ስማቸው ሲጠራ አዲስ አበቤው «የት ነው እሱ?» ይላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1986 ተመረቁ። ከ1989 እስከ 1993 የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ከዚያም ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ለአርቃቂው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን መብት፣ ከጎጂ ልማድ መጠበቃቸውንም ጭምር ይደነግጋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። ከዳኝነት ወንበር የተነሣ ሰው፣ ያውም የሕገ መንግሥት አማካሪ የነበረ ሰው፣ በዚያ ዘመን ቢሮ ከፍቶ የነጋዴ ጉዳይ ቢይዝ ማን ይወቅሰው ነበር? ገንዘቡም ክብሩም እዚያ ነበር። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ከሙያ እኅቶቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ ሦስት መልክ ነበረው፤ ገንዘብ ለሌላት ሴት በነጻ መሟገት፣ ሕጉን ማስተማር፣ ሕጉ ራሱ ጠማማ ሲሆን ደግሞ ይቃና ብሎ መጮኽ። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ደጁን ረግጠዋል። ደንበኛ እንጂ ክፍያ የሌለው የጥብቅና ቤት ብንለው አንሳሳትም።

የአርሲዋ ልጅ ነገር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሥራ ላይ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. የወጣው ነው። ያ ሕግ ጠለፋን ይቀጣል፤ ነገር ግን ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ክሱ ይቀርለታል። ማለት ጠልፎ ደፍሮ፣ በሽማግሌ አስታርቆ፣ አግብቶ ነጻ መውጣት ይቻል ነበር። የገጠሩ ልማድና የመንግሥቱ ሕግ በዚህች አንቀጽ ላይ ተጨባብጠው ነበር። ጠበቆቹ የተከራከሩት ልጅቱ የተኮሰችው ሕይወቷንና አካሏን ለማዳን ነው፤ ይህም ሕጋዊ መከላከል ነው ብለው ነው። ፍርድ ቤቱም ከረጅም ክርክር በኋላ በነጻ አሰናበታት። ወደ ቀዬዋ ግን ለዓመታት መመለስ አልቻለችም፤ የአገር ሽማግሌ ከአካባቢው አርቋት ነበርና። በፊልሙ ላይ ሁሉ ነገር በአንዲት ጠበቃ ትከሻ ላይ ተጭኖ ይታያል፤ ፊልም ስለ ሆነ አንፈርድበትም። እውነቱ ግን የማኅበር ሥራ መሆኑ ነው። እኛን የገረመን ደግሞ ሙግቱ ከተረታ በኋላ የመጣው ነው። ብዙ ጠበቃ ፋይሉን ዘግቶ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል፤ እነዚህ ግን ሕጉን ራሱን ከሰሱት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ኋላ ተጋቡ አልተጋቡ ከቅጣት እንደማያድነው በግልጥ ጽፏል። ይህ ሁሉ የአንድ ማኅበር ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ ያለ እነርሱ ጩኸት ግን እንዲህ በቶሎ ይሆን ነበር ብለን አናምንም።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን ከዓላማህ ውጭ ሠርተሃል ብሎ አገደው፤ እገዳው በዚያው ዓመት ተነሣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ስለ ከለከለ የማኅበሩ ክንፍ ተቆረጠ፤ አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2011፣ ጥቅምት 22 ቀን፣ ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በጥር 2015 ዓ.ም. ለቀቁ። ስለዚህ ዘመናቸው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ እዚያ አንዘገይም። ሹመት ሰውን ያሳያል እንጂ ሰውን አይሠራም፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ያ በነጻ የሚሟገተው ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳናነሣ አናልፍም። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ማብቂያ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ አስቆመው። እግዱን ያስወጣችው ማን ናት? ያችው የአርሲዋ ልጅ፤ አሁን ሙሉ ሴት ሆናለች። ታሪኬን ያለ እኔ ፈቃድ ነው የሠራችሁት ብላ አቤት አለች። የጎንደሩ ጓደኛችን ይህን ስንነግረው «ምስጋና ቢስ!» አለ። እኛ አልተስማማንም። ያን ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት ተጨቃጨቅን። በ14 ዓመቷ ሌሎች የተናገሩላት ልጅ አድጋ በራሷ አፍ ፍርድ ቤት መቆሟ የጠበቆቿ ሥራ ፍሬ እንጂ ውርደት አይመስለንም። ቃሉም ራሱ ይመሰክራል፤ «ድፍረት» በአማርኛችን በሴት ላይ የሚፈጸመው ግፍም ነው፣ ሳይፈሩ መቆምም ነው። በየትኛው ትርጉም እንደሚጠራ የሚወስነው የታሪኩ ባለቤት ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው። ሦስታችን ሰባተኛ ክፍል ነበርን። ከፊታችን ባለው ዴስክ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በሒሳብ ከሦስታችን ትበልጥ ነበር፤ ለዚህም ብለን እንጠላት ነበር፤ የቤት ሥራዋን እየገለበጥን። ከጥምቀት በኋላ ተዳረች። እኛም ሠርጉ ላይ ነበርን። ውኃ ቀድተናል፤ ጠላ አሳልፈናል፤ ሥጋውን በልተናል። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ኖሮ ቀሪው ሁሉ ውሸት ይሆን ነበር።

አንድ መምህር ነገሩን አመለከተና ጉዳዩ ከቀዬአችን ርቆ በሚገኝ አንድ ፍርድ ቤት ቀረበ። የቀጠሮው ቀን እኛ ከትምህርት ኮብልለን ሄድን፤ ልጆች ናችሁ ብለው ስለ ከለከሉን በመስኮቱ ሥር ድንጋይ ደርድረን ተንጠላጠልን። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዕድሜዋ ላይ ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ያገባት እስከ 7 ዓመት፣ 13 ከሞላት እስከ 3 ዓመት ይታሠራል፤ 18 ከሞላት ግን ወንጀል የለም። አባቷ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» አሉ። አንድ የምርመራ ወረቀትም ያንኑ ይላል። ለምርመራው የሄደችው ታላቅ እኅቷ ናት ተብሎ ይወራ ነበር፤ እኛ በዓይናችን ስላላየን ለወሬው ዋስ አንሆንም።

ከዚያ እናቷ ተጠየቁ። እናቷ ከአማርኛ ይልቅ ኽምጣና ይቀናቸዋል። አስተርጓሚ ቆመላቸው። እናትየው ዳኛውን ቀና ብለው አይተው ረጅም ነገር ተናገሩ። «ይህችን የወለድኳት የቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ በተመታበት ዓመት ነው፤ ለምርቃቱ እሷን አዝዬ ነው የሄድኩት፤ ሰማንያ ቀኗ ገና አልሞላም ነበርና ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት» አሉ። አስተርጓሚው ራሱን ነቀነቀና በአማርኛ እንዲህ ሲል አሳጠረው፤ «ዕድሜዋን አላውቅም ትላለች።»

ዳኛው ጻፉ።

እኛ ሦስታችንም ኽምጣና እንሰማለን። የቆርቆሮው ዓመት ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በቀለም ተጽፏል፤ 1997። ከጉልላቱ በቀር በቀን ሁለት ጊዜ የምናየው ነገር እርሱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው፤ ከእኛ ጋር እኩያ። መስኮቱ ክፍት ነበር። አንድ ቃል ብንጥል ይሰማ ነበር። በእረኝነት ችሎት ፍየል ስታበላሽ ነጠላ እየመለስን የምንለፈልፍ ነገረ ፈጆች፣ ያን ቀን «በሕግ አምላክ፣ ትርጉሙ ጎድሏል» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን አልወጣም። ፈርተን ነው? አዎን። ሥጋውን ስለ በላን አፍረን ነው? እሱም አለበት። ልጅቱ አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየችን። እኛም ከድንጋዩ ወረድን። መዝገቡ በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ተዘጋ።

ያ ችሎት የሕግ ጉድለት አልነበረበትም። ሕገ መንግሥቱ ዕድሜዋን ሳይሆን ክብሯን ሁሉ ይጠብቃል፤ የቤተሰብ ሕጉም የወንጀል ሕጉም በመደርደሪያው ላይ ነበሩ። የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ ተነሥቶ «እናትየዋ የተናገሩት ይህ አይደለም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር እንሂድ» የሚል። የአርሲዋ ልጅ ያ ሰው ነበራት።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ የጥብቅና አዋጅ ወጥቶ ጠበቆች ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት ፈቃዱ በየግል ነበር። የሕግ ተማሪ ወዳጆቻችን ስለዚህ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፤ ቦሌ ላይ ያለ ፎቅ፣ የውጭ ኩባንያ፣ በዶላር የሚቆጠር ውል። አንቀናባቸውም፤ ትንሽ ብቻ። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አቅም ለሌለው ሰው በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። ሦስታችን ተቀምጠን አሰላነው። ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ በአውቶቡስ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ለመመለስም ሁለት ቀን። የቦሌው ጠበቃ ሰዓቱን ከመናኸሪያው ጀምሮ ከቆጠረው ጋዝጊብላ ደርሶ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ መመለሱ ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ትተናል። የሕግ ፋኩልቲ ውስጥ ያላችሁ የዋግ ልጆች ግን ይህን ታነብባላችሁ ብለን እንገምታለን፤ ቁጥራችሁንም እናውቃለን።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አገራችን ስንገባ በገበያ ቀን አስከተማ ላይ አገኘናት። ገብስ ትሸጣለች። ሳታየን ልናልፍ ነበር፤ እርሷ ቀድማ አየችን።

«ተማሮቹ! መጣችሁ እንዴ? ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን፤ አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ይመስገነው። ምንድነው የምትማሩት?»

«ሥነ ጽሑፍ።»

«ምን ያደርጋል እሱ?»

መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን ደፋሩ ትንሽ ቆይቶ ስለዚያ ቀን፣ ስለ መስኮቱ ልንጽፍ እንደምናስብ ነገራትና ፈቃዷን ጠየቀ። ስለ አርሲዋ ሴትና ስለ እግዱም ነገርናት። ገብሱን መስፈር ሳታቋርጥ ሰማችን።

«እኔማ የምትተረጉሙ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሦስታችሁንም አይቻችኋለሁ።»

«ፈርተን ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።» ገብሱን በእጇ አስተካከለች። «ጻፉ። ስሜን ብቻ እንዳታነሡ። የእናቴን ነገር ግን እንዳለ ጻፉት፤ እንደሱ አታሳጥሩት።»

ከመሄዳችን በፊት ከደረቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የልደት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው፤ እርሷ ባለፈው ዓመት ሁለት ቀን ተመላልሳ ለልጇ ወረቀቱን አስወጥታለች። ሴት ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመቷ። ወረቀቱን እንድንነካው አልሰጠችንም። ራሷ ይዛ፣ እስከ ሰባተኛ ክፍል በተማረችው ንባብ፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አነበበችልን። መልሳም ጠቀለለችው።